ሽቅብ ብቻ የሚነሳ ጠብ

ሊፍት በሌለው በዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነጎድጓዷን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ብቻ ልክክ ብሎላት ቀረ። ከሥራ ስትመለስ የታችኛው የብረት በር ሲንጓጓ የሰማ ሁሉ ደረጃው ላይ የተወውን ጫማ፣ ባልዲና ብስክሌት ለማንሳት ይሯሯጣል። ቢያነሳም አይተርፍ። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆም ትልና የፀጉር አስተካካዩን ምንጣፍ በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄ እግር መጥረጊያ ነው ወይስ እግር ማቆሸሻ?» ትላለች። ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታው አይበቃትም፤ ሰሞኑን የደፋውን የሳሙና ውሃ፣ ካቻምና ያስጮኸውን ሬዲዮ ትደርብበታለች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ፊሽካ አሉ። ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው፤ ከሕንፃው ነዋሪ ሁሉ መልስ የሚሰጧት እሳቸው ብቻ ናቸው። በራቸውን ከፍተው «ቢጫ ካርድ!» ይሏታል። «ካርድዎን ይዋጡት!» ትላቸዋለች፤ ስትሳደብ እንኳ አንቱታዋን አትረሳም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አራስ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ይኖራሉ። የሕፃኑ ጨርቅ ከደረጃው መደገፊያ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እነሱም ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ትወጣና በሯን ጓ አድርጋ ትዘጋለች። ሕንፃው እፎይ ይላል።

«ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው» ይሏታል። ይበሉ። ይህች ሴት ለመናደድ ምክንያት አጥታ አታውቅም።

ጉበቷ ታሟል። በሽታው ዝም ብሎ ለዓመታት ሲበላት ኖሮ፣ ዓይኗ ቢጫ ሲሆንና ሆዷ ውሃ ሲቋጥር ነው የታወቀው። መጀመሪያ ያያት ሐኪም ገና ቀና ብሎ ሳያያት «መጠጥ ታበዣለሽ?» አላት። ያን ቀን እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው ከክፍሉ የወጣችው። አባቷን የገደለው መጠጥ ነው። እናቷ ቀድማ ሞታ ስለነበር፣ ታናሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ አባቷን ከመጠጥ ቤት በር እየጎተተች ያስገባች ልጅ ናት። እንኳን ልትጠጣ፣ ሽታው ባለበት አትቀመጥም። ደሟ ሲመረመር ጉበቷን ያጠፋው ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ምናልባትም ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የወጣችው። ሐኪሙ ይቅርታ አልጠየቀም። የሥራ ባልደረቦቿም አልጠየቁም፤ «ድሮም ያ ሁሉ ጩኸት የጤና አልነበረም፣ ትቀማምሳለች» ተባብለዋልና። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ባዕድ አልነበረም፣ ሁሉንም ሰምታለች።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከምድር ቤት፣ ግድግዳው በእንፋሎት ያበጠ፣ ማሽኖቹ ሲዞሩ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ክፍል። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው፣ እየተራመዱ ተገናኝተው፣ አስረክበው እንደገና ወደ ኋላ። አካሄዱን የምትመራው እሷ ነበረች። «ያዥ! ወጥሪ! ነይ!» ስትል ድምጿ ከማሽኑ በላይ ይሰማል፤ ከእሷ ጋር ያጠፈች ልጅ ማታ ቤቷ ስትሄድ እግሯን አይሰማትም ይባል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያንን ትታ የተቀደደ የሚጠግኑበት የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ምክንያቱን ራሷ በጩኸት ነግራቸዋለችና። «ዶሮ የጫረችው መሬት ይሻላል እናንተ ከሰፋችሁት! ተነሺ ከዚህ፣ እኔው እሰፋዋለሁ!» አለችና ልጅቷን ከወንበሩ አስነሳች። ልጅቷ አለቀሰች። እሷ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸውም ቁና ቁና ተነፈሰች። ተናዳ ነው አሉ።

አልተናደደችም ነበር። ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉበት ሐኪሙ፣ ሁለተኛው፣ ጨዋው፣ ጉበቷ ጠባሳ ብቻ ሆኖ መቅረቱንና አዲስ እንደሚያስፈልጋት ነግሯት ነበር። ወንድሟ ተመረመረና ገጠመ። ከጉበቱ ከፍሎ ሊሰጣት ነው። ይህ ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፤ እሷ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው፣ እሱም «እታለም» ይላታል። «ግማሹን ውሰጂው፣ ሲያድግ ይተካል አሉኝ፤ እንደ ፀጉር ነው» ብሎ ሳቀ የሰማ ቀን። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ውሃውን የከፈተችው እንዳይሰማ ነው።

ከዚያ ወደ አንዲት የልብ ሐኪም ተላከች። ሐኪሟ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የምትረሳ ሴት ናት። «ጉበት እንዲህ ሲጎዳ ልብንም አብሮ ያደክመዋል» አለቻት። «ደም ሥሮችሽ ላልተዋል። ልብሽ ያንን ለመሙላት ሌት ተቀን ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ተኝተሽ ስናየው ጎበዝ ይመስላል። ሸክም ሲመጣበት ግን የሚጨምረው ጉልበት ላይኖረው ይችላል። አዲሱ ጉበት ገብቶ ደም ሲለቀቅበት ደግሞ ቀላል ሸክም አይደለም።» አስተኝታ በማሽን አየችው። ደኅና ይመታል አለቻት። «ደረጃ ስትወጪ፣ ስትሠሪ፣ ትንፋሽ ያጥርሻል? የሚያጥርሽ ከሆነ ሌላ ከበድ ያለ ምርመራ አለ። ካልሆነ ይሄ ይበቃናል።»

ነጎድጓዷ፣ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ «እኔ? አራተኛ ፎቅ እየዘፈንኩ ነው የምወጣው!» አለች።

ለምን ዋሸች ቢባል፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት መጠባበቂያ አግዳሚው ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ስለ ባሏ ስታወራ ሰምታለች። «ልቡ አይችልም ብለው መለሱት» አለች ሴትየዋ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያቺ «መለሱት» የምትል ቃል ነጎድጓዷ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አባቷን ከመጠጥ ቤት መልሳለች፣ የወንድሟን አስተማሪ ከበር መልሳለች፣ ስንቱን መልሳለች። እሷን ግን የሚመልሳት የለም። ሞታ ትገኛለች እንጂ!

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ጠቡ በየፎቁ የጸናው። ድሮም ተናዳጅ ነበረች፤ ነገር ግን ያኔ የትም ቦታ ትናደድ ነበር። አሁን ቁጣዋ ቋሚ ማረፊያ አበጀ። አንዱን ፎቅ እንደወጣች ደረቷ ይደልቃል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ዓይኗ ፊት ጥቁር ነጥብ ይዋኛል። ዝም ብላ ብትቆም «ምን ሆነች?» ይላሉ። ወንድሟ ይሰማል፣ ሐኪሟ ትሰማለች። ጠብ የሚያነሳን ሰው ግን ምን ሆንሽ የሚለው የለም፤ ቶሎ እንዲያልፍለት ነው የሚጸልየው። አንድ ስድብ ትወረውርና ሰውየው ይቅርታ ሲጠይቅ እሷ ትተነፍሳለች። ሌላ ትወረውርና ሌላ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ሲመለስላት «አፈር ብላ!» ብላ ወደ ቀጣዩ ፎቅ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል ለማትቀምስ ሴት ሆዷ ያባውን ደረጃው እንዳያወጣባት ይኸው መላዋ ነበር።

መላዋ ሠራላት። የቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆረጠ። ማሙሽ ከሥራው ፈቃድ ወሰደ፤ ለአውቶቡሱም ምትክ ሹፌር ተገኘ።

አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ወንበር ቆሞ አገኘች። የእንጨት ወንበር፣ መደገፊያ ያለው፣ ልክ ደረጃው የሚያልቅበት ላይ።

«ማነው ይሄንን እንቅፋት እዚህ የጎለተው?» አለች።

ጋሽ ፊሽካ በሩን ከፈቱ። «እኔ ነኝ። ነፋስ ልቀበልበት ብዬ።»

«ምን ነፋስ አለ እዚህ? የሽንኩርት ሽታ ነው ያለው! ያንሱ! ሰው ተደናቅፎ አንገቱ ቢቀጠፍ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ተቀመጪና እየተቀመጥሽ ስደቢኝ።»

ክው አለች። ወንበሩን በእግሯ ገፋችው። ወደ ግድግዳው ሄዶ ተንገዳገደና ቆመ። በማግስቱ ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘችው። በራቸውን ደበደበች።

ጋሽ ፊሽካ ወጡ፤ በዚህ ጊዜ ካርድም ቀልድም አልነበረም። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሚ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሜዳ ላይ ነው የጨረስኩት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሚጣላኝ ተጫዋች ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተበደለው እንዳይመስልሽ። የደከመው ነው። እኔን ሲጨቀጭቅ ትንፋሽ ይሰበስባል። አንቺ ስትወጪ እንጂ ስትወርጂ ጮኸሽብኝ አታውቂም» አሏት።

  ከአንደኛ ፎቅ የፀጉር ማድረቂያው ሲጮህ ይሰማል። ነጎድጓዷ ጣቷን አንስታ፣ «ለማንም ብትተነፍሱ… ለማንም ቢተነፍሱ አልለቅዎትም» አለች። ድንጋጤዋ አንቱታዋን እንኳ አዛባባት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ እሳቸው።

«ተረትዎን ለልጅ ልጅዎ ያውሩ!» ብላ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሕፃኑ ጨርቅ ያንጠባጥብ ነበር፤ እዚያ ቆማ የተነፈሰችው ግን ዝም ብላ ነው። መሳደቢያ ጉልበቷን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጨርሳ ነበር።

ጋሽ ፊሽካ አልተነፍስም ብለው እንዳልማሉላት ያስተዋለችው በኋላ ነው።

በነጋታው ከሥራ ስትመለስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ አየች። የሹፌር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ወደ እሷ አይመለከትም፤ ያዳምጣል። የእግሯን ኮቴ፣ የትንፋሿን ፉጨት ከታች ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል።

«ማሙሽ! አንተ እዚህ ምን…» አለች። የቀረው ቃል አልወጣም። መደገፊያውን ያዘች።

«ጨርሺው» አለ ወንድሟ። «ጩኺብኝ እስቲ። ለጋሽ ፊሽካ የምትጮኺውን ለእኔም ጩኺ።»

«ተ… ተነስ ከዚህ…»

«ዘፍነሽ ትወጫለሽ አይደል? ለሐኪሟ እንደዛ አይደል ያልሻት? ፊቴ ቆመሽ አይደል ያልሻት?» ድምጹ እየጨመረ ሄደ። ወንድሟ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም፤ በቤታቸው የሚጮኸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «እኔ ጉበቴን ቆርጬ ልሰጥሽ፣ አንቺ አንዲት እውነት ነፈግሽኝ! አንዲት!»

«ይመልሱኛል ብዬ ነው!» አለች፣ እንደምንም አንድ ላይ ሰብስባ። «ልብሽ አይችልም ብለው… ይመልሱኛል!»

«ይመልሱሽ! ጠረጴዛው ላይ ከምትቀሪ ይመልሱሽ! እኔ ሆዴ ተሰፍቶ ስነቃ ምን ሊሉኝ ነው እታለም? ያሳደገችህን እህትህን ያንተ ጉበት ገደላት ሊሉኝ ነው? ይሄን ተሸክሜ ነው የምነዳው? በየፌርማታው ሰው ሳወርድ፣ ሳሳፍር፣ ይሄን ይዤ?»

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ ብሎ ነበር፤ የማሙሽን ፊት ሲያይ ተመለሰ። የሦስተኛ ፎቋ አራስ ልጇን አቅፋ ከላይ ቁልቁል ታያለች። ነጎድጓዷ ይህንን ሁሉ ዓይን አየችና ደሟ ፈላ፤ ሁሉንም በየተራ ልትለበልባቸው ፈለገች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ትንፋሹ አልነበረም። ቁና ቁና እያለች አንድ እግሯን አነሳች፣ አልሆነላትም፤ እዚያው ደረጃው ላይ ልትቀመጥ ስትል ማሙሽ ተስፈንጥሮ ወርዶ በብብቷ ገብቶ ያዛት። ደግፎ አወጣትና ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።  ጋሽ ፊሽካ ውሃ ይዘው ወጡና ለወንድሟ ሰጡት፤ ለእሷ ለመስጠት አልደፈሩም።

ለልብ ሐኪሟ ራሷ ነገረቻት፤ እንደ ስድብ አድርጋ ነው የነገረቻት። «ያጥረኛል! ይኸው! ሁለት ፎቅ አልወጣም! አሁን ምን ልታደርጉኝ ነው?» ሐኪሟ መነጽሯን ከጭንቅላቷ አውርዳ አደረገች። ከዚያ እሷም ተቆጣች። ረጋ ያለ ሰው ሲቆጣ ክፉ ነው። «ዋሽተሽኝ ቀዶ ሕክምናው ብትገቢ ኖሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ልብሽ ሲቆም የአንቺን ደረት የሚያሸው የእኔ እጅ ነበር። ይሄ ገብቶሻል?» አለች። 

ምርመራው ተደረገ። አስተኝተው፣ ልብን የሚያሯሩጥ መድኃኒት በደም ሥሯ እያንጠባጠቡ አዩት። ልቧ ሩጫው ሲመጣበት ማሽኑ ላይ ቀድሞ ያሳየው ጉብዝና ጠፋ፤ ሩጥ ሲሉት ባለበት የሚረግጥ ሆነ። ቀዶ ሕክምናው ተራዘመ። እስከ መቼ ቢሉ የሚያውቅ የለም። የማሙሽ ፈቃድ ባከነ፣ ምትኩ ሹፌር ተመለሰ። ያን ሰሞን ነጎድጓዷ በሁሉም ላይ ቂም ያዘች፤ በልቧ፣ በማሽኑ፣ በሐኪሟ፣ ከሁሉ በላይ በጋሽ ፊሽካ። አላናገረቻቸውም። ሽቅብ ስትወጣ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጣም ታኮርፋቸዋለች። አንደኛ ፎቅና ሦስተኛ ፎቅም ሳይታዘዙ የየራሳቸውን ወንበር አወጡ። በየወንበሩ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ሕንፃው ዝምታውን ፈራው። ፀጉር አስተካካዩ ምንጣፉን ሆን ብሎ አቆሽሾ ጠበቃት አሉ፤ ምንም ሳትል አለፈችው፣ እሱም ሌሊቱን ከፍቶት አደረ።

ሐኪሟ ግን አልመለሰቻትም። የልብ ምቷን የሚያረጋው ኪኒን ተስተካከለ፤ ሆዷ የቋጠረው ውሃ ወጣ፤ ጨው ተከለከለች፤ በሆስፒታሉ ኮሪደር አንዲት ነርስ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፋ፣ ምቷን በማሽን እየተከታተለች ሜዳ ሜዳውን ታራምዳታለች። ነርሷ «ቀስ» ባለቻት ቁጥር «አንቺ ፍጠኚ» ትላታለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያው ምርመራ ተደገመ። ልቧ አልዳነም፤ ከበፊቱ ግን ተሻለ። «አደጋው አልጠፋም» አለች ሐኪሟ። «ከበፊቱ የሚለየው አሁን የምናውቀው መሆኑ ነው። ተዘጋጅተን ነው የምንገባው። አዲሱ ጉበት ከያዘልሽ ደግሞ ልብሽም እያደር ሊያገግም ይችላል። ትገቢያለሽ?»

«እሱን ጠይቂው» አለች፣ ወንድሟን በአገጯ እያሳየች። «የሚቆረጠው የሱ ነው።»

ማሙሽ፣ «እኔ ድሮም ገብቻለሁ» አለ።

የሚገቡበት ቀን ጠዋት ማሙሽ የሁለቱንም ሻንጣ ይዞ ቀድሟት ወረደ። ነጎድጓዷ በሯን ቆለፈች፣ ቁልፉን ለአራሷ ሰጠች፣ ሕፃኑን ጉንጩን ቆንጠጥ አደረገችው። ሦስተኛን አለፈች። ሁለተኛ ላይ ስትደርስ ማሙሽ ከታች ሆኖ «ነይ እንጂ፣ ታክሲው ቆሟል!» ይላታል። እሷ ቆመች። አልደከማትም፤ ቁልቁል ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ሙሉ ነው። የጋሽ ፊሽካን በር በመዳፏ ደበደበችው።

ሽማግሌው በፒጃማ ከፈቱ።

«ማን ይንገሩ አለዎት?» ብላ ጮኸችባቸው። ድምጿ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ሞላው፤ የታችኛው የብረት በር ሳይቀር ተንጓጓ። «ማን ጠየቀዎት? የሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባዎት? ወሬኛ ነዎት! ዕድሜዎን ሙሉ በሰው ሩጫ ፊሽካ ሲነፉ ኖረው አልበቃ ብሎዎት በጡረታዎም ይነፋሉ! ደግሞ ያ ወንበርዎ ሲጢጥ ይላል! ሰው ይቀመጥበታል ካሉ አይጠግኑትም? የታመመ ሰው ሊጥል ነው እኮ!»

ጋሽ ፊሽካ በሩን እንደያዙ ቆመው ሰሟት። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ፤ አፋቸው ግን እየሳቀ ነው። «እየወረድሽ ነው» አሏት።

«እየወረድኩ ነው! ምን ይሁን?»

«ምንም። ቀጥዪ።»

«ታክሲ ቆሞብኛል» አለች፣ የአንገት ልብሷን እያስተካከለች። ሁለት ደረጃ ወረደችና ዞር አለች።  «እንዳይመስልዎት፣ ይቅርታ አላደረግኩልዎትም። የቀረውን ስመለስ፣ ሽቅብ ስወጣ ነው የምጨርሰው!»

«እጠብቅሻለሁ» አሉ።

ወረደች። የብረቱ በር ተንጓጓ። ጋሽ ፊሽካ የታክሲው ድምጽ እስኪርቅ ቆዩና ወደ ቤት ገብተው መዶሻ ይዘው ወጡ፤ ወንበሩን ገልብጠው የላላችውን እግር መፈለግ ጀመሩ።